የሦስተኛው ቀን ሕመም

«ሰነፍ ናት እንጂ ምን ሕመም አለባት!» ያለው አባቱ ይሁን አጎቱ፣ ጋሼ ካርድ ዛሬ በትክክል አያስታውስም። ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ የሰማው ነገር ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። «ሰነፍ ሰው ቅዳሜ የቤቱን ልብስ ሁሉ አጥቦ ሰኞ ይወድቃል?» ያለችው ግን እናቱ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እንቅልፍ ወሰደበት። የምትታማው አክስቱ ከግድግዳው ወዲያ እንደነበረች፣ ግድግዳውም ስስ እንደነበር ግን አልረሳም።

ትናንት አንድ ካርድ ሲያነብ ያ የእናቱ ድምፅ ተመለሰበት። ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ጨርሶ የዘጋቸውን ካርዶች መልሶ ሲከፍት ቆየ። አሁን ከመካከላቸው ሃያ ሰባቱን ደረቱ ላይ አቅፎ የሐኪሟን በር አንኳኳ።

«ይግቡ ጋሼ ካርድ! ደግሞ ምን ቃል ጠፋብዎት?»

ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሣችም። ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ የሆስፒታሉ የሕመም ስሞች ጥናት ኃላፊ ግን እሷ ናት። እሱ የመጣው ከካርድ ክፍል ነው። ሃያ ዓመት ካርድ ሲያወጣና ሲመልስ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ማንበብ ለመደ፤ ቀጥሎ ትርጉሙን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን፣ ማንም ሳያስተምረው። አሁን ሥራው ሕመምተኛው በገዛ አፉ የተናገረውን አንብቦ፣ ሰባት ሆስፒታሎች ከተስማሙበት የቃላት ዝርዝር አንዱን መምረጥ ነው፤ ሁሉም አንዱን ሕመም በአንድ ስም እንዲጠራ። ከመምረጡ በፊት ሁልጊዜ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፦ አቤቱ፣ በሰው ሕመም አታሳስተኝ።

«አንድ ቃል ጎድሎናል ዶክተር። እነዚህን ሃያ ሰባት ሰዎች ‹ድካም› ብዬ አስገብቻቸዋለሁ። ድካም አይደለም መሰለኝ።»

«መሰለኝ!» ብላ ሳቀች። «ጋሼ፣ ዝርዝሩ ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስድስቱ ሆስፒታሎች ፈርመዋል። የቀረነው እኛ ነን።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ‹ድካም› የተባሉት በሙሉ የእግር ጉዞ ይጀምራሉ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። ፕሮግራሙን የተየቡት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እሱ ነው የከነከነኝ።» ከላይ ያለውን ካርድ አነሣ። የአንዲት ፖስተኛ ነው። «‹ደብዳቤ ሳድል የዋልኩ ለት ደህና ነኝ። በማግሥቱም ደህና ነኝ። በሦስተኛው ቀን ግን የለበስኩት አንሶላ ይከብደኛል። ሳምንት ብተኛ አይለቀኝም።›» ሁለተኛው የግንበኛ ነው። «‹ግድግዳ ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ማንሣት ያቅተኛል።›»

«ደክሟቸዋላ! እኔንስ ቢሆን መች አልደከመኝም?»

«እኔ ማን ነኝና እርስዎን አስተምራለሁ...»

«ይበሉ፣ ይበሉ። ሳይጨርሱ እንደማይወጡ አውቃለሁ።» ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «አዲስ ቃል እንክፈት እንበል። ደንቡን ያውቁታል፤ እናት የሌለው ቃል ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። የማይግሬን እናቱ ራስ ምታት ናት። የዚህ የእርስዎስ? ድካም ናት። እንግዲያ እዚያው እናቱ ጉያ ይቆይ፤ ማን አባረረው?»

ጋሼ ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ።

«የእናትየዋን ትርጉም ያንብቡልኝ።»

«በቃልዎ ያውቁታል እኮ።»

«ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

ተነፈሰች። ፈልጋ አገኘችው። «‹ድካም፦ ከሥራ በኋላ የሚመጣ የኃይል ማነስ፤ በዕረፍት የሚ—›»

ንባቧን አቆመች።

«በዕረፍት የሚለቅ» ብሎ ጨረሰላት፣ የረታ እንዳይመስል ተጠንቅቆ። «ሌላም ደንብ አለ። ለእናትየዋ እውነት የሆነው ሁሉ ለልጅም እውነት መሆን አለበት። እነዚህ ሰዎች ግን ሳምንት ተኝተው አልለቀቃቸውም። እና ዶክተር፣ በምኑ ልጇ ሆነ?»

እጇን ዘረጋች። ካርዶቹን ሰጣት። ወንበር ነበረ፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። አንድ በአንድ አነበበች። በመካከሉ አንዱን ካርድ ገልብጣ ስሙን አየችና ደግማ አነበበችው።

«ይኼ ሰውዬ የኔ ታካሚ ነው» አለች። «‹በርታ፣ ተንቀሳቀስ› ብዬው ነበር። እሺ ብሎኝ ሄደ።»

«ምን ይበል? የሐኪም ቃል ነው። እኔም ሃያ ሰባቱን ‹ድካም› ብዬ የጻፍኩት በዚሁ እጄ ነው።»

«አሁን ብከፍተው ስድስቱም ይጮኹብኛል።»

«ይጮኻሉ» አለ፣ አላባበላትም። «እግዜር ያበርታዎት።»

ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። አዲስ መስመር ከፍታ «የሦስተኛ ቀን መውደቅ» ብላ ጻፈች። የእናት ቦታው ባዶ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቀይ አበራ። ቀዩን እንዳለ ትታው ሃያ ሰባቱን ሰዎች ከሰኞ ተጓዦች መዝገብ አንድ በአንድ አወጣች። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

«የፖስተኛዋን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተችው። ገና ማንነቷን እንደተናገረች ከወዲያ በኩል ትንፋሽ የሚያጥረው ድምፅ ቀደማት።

«ዶክተር፣ ሰኞ በጊዜ እደርሳለሁ! በእግዜር፣ እንዳይሰርዙኝ። እንዳላሳፍርዎት ብዬ ከወዲሁ መለማመድ ጀምሬያለሁ።»

«ምን መለማመድ?»

«መራመድ ነዋ! አሁንም መንገድ ላይ ነኝ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። «እመቤቴ፣ ይቀመጡ።»

«ምን አሉኝ?»

«ይቀመጡ። ባሉበት። ሰኞም አይምጡ፤ እኔ ቤትዎ እመጣለሁ።»

«እኔ እኮ ዛሬ ምንም አልሆንኩም...»

«አውቃለሁ» አለች ሐኪሟ። «ዛሬ ደህና ነዎት። ይቀመጡልኝ።»

የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፣ ቀጥሎ የሚያልፉ ሰዎች ጫጫታ። ጋሼ ካርድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እሺ» አለ ድምፁ በመጨረሻ። «እዚህ አንድ ደረጃ አለ። ተቀመጥኩ።»