ካርቶኑን ማን ይያዝ

«ካርቶኑን ለጫልቱ ስጫት» ይሉኛል ዶክተር አሳምነው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

እሰጣታለሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ እጅ የነበረች ጥቁር ካርቶን ናት። የሌዘሩን ጨረር ጋርዳ የምትቆመው እሷ ናት። ብድግ ስትል ብርሃኑ አልፎ የፊልሙን መስታወት ይመታል፣ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ተመልሳ ስትጋርደው ሥዕሉ ተነሳ ማለት ነው። ሲያዩት የሕፃን ሥራ ይመስላል። ግን ያዢዋ መሣሪያው የተተከለበትን የአሸዋ ሣጥን በክንዷ ከነካች፣ ከመካከላችን አንዱ እግሩን ካንቀሳቀሰ፣ ወይም በደጅ አንድ አይፋ የጭነት መኪና ካለፈ፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

እሑድ ጠዋት የምንሠራውም ለዚህ ነው። ናዝሬት ሙሉ በሙሉ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነች፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ ጋሪው ቆሟል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ዶክተር ለሦስታችን ከስብሰባው የመቅረት ፈቃድ ለማውጣት ሊቀ መንበሩ ደጅ አራት ቀን ተመላልሰዋል።

የአሸዋ ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሸዋውን ከአዋሽ ዳር በጆንያ አስመጥቼ በወንፊት የነፋሁት እኔ። ንዝረት እንዳይደርስበት ከሥሩ የተነጠፉትን አራት በአየር የተነፉ የመኪና ጎማ ከመነዳሪዎች በየጎሚስታው ዞሬ የለመንኩት እኔ። ሌንሶቹ አሸዋው ላይ ተተክለዋል፤ መሀላቸው ነጭ ቀለም የቀባናት አሮጌ የመኪና ሞተር ካንዴላ ቆማለች። ሥዕሏ ከተነሳልን መስታወቱን የያዘ ሰው ካንዴላዋን ከፊትም ከጎንም ያያታል፣ እጁን ሰዶ ሊያነሳት ሁሉ ይቃጣዋል፤ ሆሎግራም የሚሉት ይህን ነው። እስከ ዛሬ አልተነሳችልንም።

ጫልቱ የመጣችው ከስምንት ወር በፊት ነው፤ የወንጂ የአገዳ ቆራጭ ልጅ። በመጣች በሳምንቱ ዶክተር «እንዴት ያለች እጅ ናት እባካችሁ!» አሉ። እኔንስ? «አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ» ይሉኛል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ቀናሁ። ስሙን አላሳምረውም፤ ቅናት ነው፣ ሲበላኝ ያድራል፣ ጠዋት ፊቷን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። የምትሠራውን ሁሉ በትክክል መሥራቷ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዓርብ ዕለት የባሰው መጣ። ምሥራቅ ጀርመን፣ ዬና ከተማ፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት የሚላክ አንድ ሰው ተፈቀደ። ደብዳቤው ዶክተር ጠረጴዛ ላይ ተተይቦ ተቀምጧል፣ ስሙ ብቻ ባዶ ነው። «ሥዕሉን ያነሳች እጅ ትሄዳለች፤ ደብዳቤው ሰኞ ይላካል» ብለዋል። የቀረን የፊልም መስታወት ሁለት ነው።

መብራቱ ይጠፋል። ጫማችንን አውልቀን፣ አሸዋው እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ዝም ብለን እንጠብቃለን።

«በይ» ይላሉ ዶክተር።

ጫልቱ ካርቶኑን ብድግ ታደርጋለች። ቀይ ብርሃን ካንዴላዋ ላይ ይፈስሳል። በልቤ እቆጥራለሁ። አሥር። እጇ ንቅንቅ አይልም። አሥራ አምስት። ካፖርት ለብሳ ዬና ላይ ስትሄድ ትታየኛለች፤ እኔ እዚሁ አሸዋ ስነፋ። ሃያ። ከወለሉ ጣውላዎች የትኛው ከሣጥኑ ሥር እንደሚዘልቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተረከዜ እሱ ላይ ነው።

አነሳዋለሁ። መልሼ አሳርፈዋለሁ። ኮሽ እንኳ አላለም።

መስታወቱ ታጥቦ ይደርቃል። ዶክተር ጨረሩ ፊት ይዘው ያገላብጡታል፣ ያዘነብሉታል፣ እንደገና ያገላብጡታል። ካንዴላ የለችም።

«ማነው የተንቀሳቀሰው?»

እኔ የምለውን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ጫልቱ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። መጨረሻው ላይ እጄ ሲዝል ተሰምቶኛል። ሣጥኑን ሳልነካው አልቀረሁም።»

ለማስመሰል አይደለም፤ አምናበታለች፣ እንባዋ መጥቷል። እጇ ግን አልነካም። አርባውን ሰከንድ ሙሉ ከእጇ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዶክተር በረዥሙ ይተነፍሳሉ። ካርቶኑን ከእጇ ተቀብለው ለእኔ ያቀብሉኛል።

«በይ ያዢ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ከመጀመሪያው ላንቺ መተው ነበረብኝ።»

ይህን ቃል ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጨረሻውን የፊልም መስታወት በጨለማ ውስጥ ይተክሉታል፤ እኔ ቦታዬን እይዛለሁ።

ጫልቱ የምትቀመጥበትን የእንጨት ዱካ እየጎተተች ሳይሆን ተሸክማ፣ ከሣጥኑ እስከ መጨረሻው ጥግ ድረስ ትርቃለች። ትቀመጣለች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ሁለቱንም እግሮቿን ከወለሉ ታነሳና ዱካው ላይ ኩርምት ትላለች።

«ምን መሆንሽ ነው?» እላታለሁ።

«እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው፣ ይርጌ» ትላለች በሹክሹክታ። «ያ ዋቃዮ! የኔው ይበቃል። ሦስት ዓመት እኮ ለፍተሻል።»

አምስቱ ደቂቃ አለቀ።

«በይ» ይላሉ ዶክተር።

ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ የጫልቱ እግሮች አሁንም ከወለሉ እንደተነሱ ናቸው።

«በይ እንጂ፣ ይርጋለም!»