የደሴቲቱ አንቀጽ

እንግሊዛዊው ተደራዳሪ ወረቀቱን ማልዲቭስን ወክለው ወደተቀመጡት ሽማግሌ ገፋ አደረገና፣ «በደሴቲቱ ላይ የሚኖር ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። አስተርጓሚው ኢሳ ጥያቄውን ለሽማግሌው አደረሰ። ኮሎምቦ ላይ ስለ ማልዲቭስ ነፃነት ሲደረግ ከከረመው ድርድር የቀረው ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ አገሪቱ ነፃ ትወጣለች፣ ያቺ ደሴት ግን ለሃያ አንድ ዓመት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሆና ትቆያለች።

«ማንም የለም በለው» አሉ ሽማግሌው። «ሕዝቡን ራሳቸው አስነስተውት የለም እንዴ!»

ኢሳ የተባለውን ተናገረ። ከተነሱት አንዱ እሱ ነበር። እናቱ ከማረፊያው አጥር ወዲያ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ተቀብራለች፤ መቃብሯን ካየ ስድስት ዓመቱ ነው። ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ሙታኖቻችንስ? በዓመት አንድ ቀን እንኳ ገብተን ዱዓ እንድናደርግላቸው ይጠይቁልን» አለ።

«ትናንት አንተ ሳትኖር ጠይቄ እምቢ ብለዋል። ዛሬ ደግሜ ባነሳው ሁሉም ይፈርሳል፣ ልጄ።» ሽማግሌው ብዕሩን አነሱ፤ እጃቸው ግን ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ። «ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

«እኔ ሰባ ሁለት ሞልቶኛል። ሃያ አንዱ ዓመት ሲያልቅ አንተ ትደርስበታለህ። እዚያ ተድራ የነበረችው ልጄም ከመስጊዱ ጀርባ ናት። ስትሄድ የእሷንም አረም ንቀልልኝ።»

ከዚያም ፈረሙ። እንግሊዛዊው ፈገግ ብሎ ተነሳና እጃቸውን እየጨበጠ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ነፃ ወጣችሁ ይላል» አለ ኢሳ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አልተያዩም።