በሩ ላይ የሚጻፈው ስም

ቀለም ቀቢው በሩ አናት ላይ ቡርሹን ይዞ፣ «እትዬ፣ ስምዎን በሙሉ ልጻፈው ወይስ በአጭሩ?» አለ። ጡረተኛዋ ርዕሰ መምህርት ሻርፓቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ። ለዓመታት ተዘግቶ የከረመው አሮጌው ትምህርት ቤት የድንጋይ ግንቡ እንዳለ ተጠብቆ ማዋለጃ ሊሆን ነበር። ሰባተኛ ክፍል የነበረው ይህ ክፍልም በእሳቸው ስም እንዲጠራ ተወስኖ ነበር።

አልጋ ታነጥፍ የነበረችው ወጣት አዋላጅ ቀና አለች። «እናቴም እዚህ ክፍል ተምራለች።»

«እሰይ! እስከ ስንተኛ ዘለቀች?»

«እዚሁ ላይ ቀረች፤ እኔን አርግዛ።»

የርዕሰ መምህርቷ ፈገግታ ከፊታቸው ጠፋ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በእርግዝና ምክንያት ያባረሩት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ቲቸር፣ ፈተናውን ብቻ ልፈተን» ብላ ለምናቸው ነበር። እሳቸው ግን «ሌሎቹን ታበላሺብኛለሽ» ብለው አሰናበቷት።

«አሁን የት ናት?» አሉ።

«ካረፈች አምስት ዓመቷ።»

«ያባረርኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለች አዋላጇ፣ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር እየወሸቀች። «አንድም ቀን በክፉ አንስታዎት አታውቅም። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ› እንዳለች ነው የሞተችው።»

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ቀለም ቀቢው ዞረው፣ «ተወው፣ ምንም አትጻፍ» አሉት። ግድግዳውን ይዘው መሬት ላይ ሊቀመጡ ዝቅ አሉ። አዋላጇ ደንግጣ ሮጠች፤ ወንበር አምጥታ ክንዳቸውን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።