ጽጌረዳ የተከልኩ ዕለት

አበባ በማራባት እጅሽ የተባረከ ነው ይሉኛል፤ ምንም ጥበብ የለውም። እርጥቡን አፈር በጣቴ ወጋ አድርጌ የጽጌረዳውን ቁራጭ እሰካለሁ፣ ከዚያ አልነካካውም። ከሳምንታት በኋላ ሳብ ሳደርገው እምቢ ካለኝ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ዛሬ ልጄ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች። ታናሽ እህቴ በመኪና ልትወስደኝ ስትመጣ፣ የመጨረሻውን ቁራጭ ልሰካ አጎንብሼ ነበር።

«እትዬ፣ ከአበባ ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው? ልጅሽ እየጠራችሽ ነው እኮ!»

«መጣሁ፣ ጣቴን ላውጣ።»

ጣቴ አልወጣም። ድንጋይ የያዘው መስሎኝ ሳብኩት። አመመኝ፤ ሕመሙ ግን ጣቴ ላይ አልነበረም፣ አፈሩ ውስጥ ነው፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ።

«ቀልድሽን ተይ!» ብላ እየሳቀች ክንዴን ስትጎትተኝ ጮህኩ። ተንበርክካ አፈሩን ቧጠጠች። ከጣቴ ጫፍ ነጫጭ ሥሮች ወደ ታች ወርደዋል። የእህቴ ሳቅ ቆመ። ስልኳ ጠራ፤ የልጄ ባል ነው። አላነሳችውም።

«ቁረጪው» አልኳት። «ልጄ ጋ ልድረስ፣ ቁረጪው!»

ቀና ብላ አላየችኝም። አፈሩን ቀስ አድርጋ መለሰችና በመዳፏ ጠቅጠቅ አደረገችው። ከዚያ ባልዲውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።