ዶክተሩ ማነው?

ነርሷ በወሩ ለሦስተኛ ጊዜ በአስታማሚ ተመትታ፣ ያበጠ ጉንጯን ይዛ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች።

«አቶ መንበሩ፣ ለድንገተኛ ክፍል ጥበቃ ይመደብልን። ሊገድሉን እኮ ነው!»

«ዶክተር መንበሩ!» አላት ኮስተር ብሎ። ዶክትሬቱን በአመራር ከያዘ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ነጭ ጋውን ግን በማግሥቱ አሰፍቷል። «ያለው አንድ ጥበቃ መኪናዬን ይጠብቃል። ደግሞስ የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ሰጥቼሽ የለ? ሲመቱሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ በረጅሙ ተንፍሺ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ በሩ በርግጫ ተበረገደ። ጠዋት ወንድሙ የሞተበት ግዙፍ ሰውዬ፣ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት እንደ ዱላ ጨብጦ ገባ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ወንድሜን የገደለው ዶክተር የታለ?»

ነርሷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሰውዬው ብረቱን አናቷ ላይ አነሣ።

«ተናገሪ! ዶክተሩ ማነው?»

ነርሷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እኔ ምን አውቃለሁ? አቶ መንበሩን ጠይቃቸው።»

«ዶክተር መንበሩ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። አመል ያወጣል ከመሐል።

ብረቱ ዞረ። መጀመሪያ መነጽሩ ረገፈ፣ ቀጥሎ ሁለት ጥርሱ፤ ጥበቃው መኪናውን ትቶ እስኪደርስ ነጩ ጋውን ቀይ ሆነ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነርሷ የተሰነጠቀ ቅንድቡን ልትሰፋ መርፌ ይዛ አጠገቡ ቆመች። ማደንዘዣ ካለቀ ሳምንቱ ነው።

«ዓይንዎን ጨፍነው በረጅሙ ይተንፍሱ፣» አለችው፣ «ዶክተር።»