በወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር ጭረት

የዚያ ዓመት ብርድ ሴን ወንዝን ከዳር እስከ ዳር በረዶ አደረገው። መንደርተኛው እሳቱን ታቅፎ ሲቀመጥ፣ ከፓሪስ የመጣ አንድ ሠዓሊ ብቻ ሸራውን ወንዙ ዳር ተክሎ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይሥል ነበር። ሲሄድ ሥዕሉን ላረፈበት መጠጥ ቤት ሰጠ፤ ባለቤቱ ፍርሜንም ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

«ቀለም የተደፋበት ነው የሚመስለው» አለ አንዱ ጠጪ።

«አፍንጫህን ከላዩ አንሣና አራት እርምጃ ወደ ኋላ በል» አለው ፍርሜን።

እውነትም ራቅ ሲሉ በረዶው በረዶ፣ ወንዙ ወንዝ ሆነ። ዳር ላይ ያለችው ጥቁር ጭረት ደግሞ እንጨት ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትሄድ ሴት ሆነች።

አጣቢዋ ኦኖሪን ይህን ስታይ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሴትዮዋ እሷ ነበረች።

የአባቷን አሮጌ ጀልባ አስፈልጣ የከመረችው ማገዶ እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል ብላ ነበር፤ ልደት እንዳለፈ አለቀ። ደረቅ እንጨት ቶሎ ይነዳል ብላ ነገሩን ተወችው። አንድ ማለዳ ብርዱ ሲጠናባት ግን ከጎረቤቷ ከእማማ ዜሊ ማገዶ ቤት አንድ ሸክም አንሥታ በወንዙ ዳር ሾልካ ሄደች። ከሸክሙ የወጣ ምስማር ሽርጧን ሲቀድባት እንኳ ቆም ብላ አላየችም። ብቻቸውን ከሚኖሩ አሮጊት መስረቋ አንገበገባት። ሌባ ለተባለች አጣቢ ደግሞ አንሶላውን የሚሰጥ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማማ ዜሊ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ኦኖሪንን ቀና ብለው አያዩዋትም። በረዶውን በመጥረቢያ ሰብረው በሚያጥቡበት ቦታ አንሶላ አብረው የሚጨምቁት ሁለቱ ናቸው፤ አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ይዘው ይጠመዝዛሉ። አሁን ግን የድሮው ወሬና ሳቅ ቀረ፤ አሮጊቷ መሬት መሬቱን እያዩ ይጠመዝዛሉ።

«አውቀውብኛል» አለች ኦኖሪን በልቧ። «እስክናገር ነው የሚጠብቁኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት አልቻለችም። አንሶላው መሐላቸው እንደተወጠረ፣

«እማማ ዜሊ፣ ያቺ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት...» አለች።

አሮጊቷ ደነገጡ። «ተይ ልጄ፣ እባክሽ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። እኔ ነኝ። ከማገዶ ቤትዎ እንጨት ስሰርቅ ነው የሣለኝ። አፍሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የአንሶላው ጫፍ ከእማማ ዜሊ እጅ አምልጦ በረዶው ላይ ወደቀ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ያንቺን እንጨት ተሸክሜ ስሄድ የሣለኝ መስሎኝ ነበር።»