የአቨሪል ሜዳ አቋራጭ

ሜዳው ለቤት መሥሪያ ሲሸጥ ሦስት መቶ አሥር ሺሕ ፓውንድ ያወጣል። በመሐሉ የሕዝብ መንገድ ካለ ግን ገዢው ፊቱን ያዞራል።

መንገዱን የሚፈልጉት የሄዘልኮት መንደር እግረኞች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ወጥተው ድልድዩ ጋ ይወርዳሉ፣ የአቨሪልን ሜዳ ያቋርጣሉ፣ ከዚያ ወንዙን ተከትለው ማዶ ያለው መንደር ሲደርሱ የመመለሻውን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሜዳው ከተዘጋ የሚቀራቸው አስፋልቱ ብቻ ነው። አስፋልቱ ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል። በዚያ የሚሄድ ጤነኛ ሰው የለም።

መሪያቸው ኢኒድ ፕሮሰር ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። መኪና መንዳት አታውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር ስትስቅ የምትውልበት ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው።

የአገሩ ሕግ ሃያ ዓመት ይጠይቃል። ሕዝብ ሳይደበቅ፣ ጉልበት ሳይጠቀም፣ ፈቃድም ሳይለምን እንደ ራሱ ንብረት ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። በመሐል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ከመለሳቸው ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

እንደዚያ ያደርጋል ተብሎ የሚፈራው ጋርዝ ታኒክሊፍ ነበር። ሜዳውን ተከራይቶ ከብት ያረባበታል። ሰላም ሲሉት አይመልስም። እግረኞቹ ሲያልፉ ውሻውን ይዞ የበሩ አጠገብ ይቆማል፤ የመጨረሻው ሰው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስም አይንቀሳቀስም። ሐሙስ ስለ መንገዱ ሊወስን ከመንግሥት የተላከው መርማሪ በመንደሩ አዳራሽ ምስክር ሲሰማ ጋርዝም እንደሚናገር ታውቋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጋርዝ አውቶቡስ ተሳፈረ። የራሱ ጭነት መኪና ያለው ሰው ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥ አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። ብዙ ባዶ ወንበር እያለ ሄዶ ከኢኒድ ኋላ ተቀመጠ።

ከጎኗ የነበረው ሲረል ባጅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "በሬውንም ቢያመጣው ኖሮ በግማሽ ዋጋ ይሳፈር ነበር" አላት። አልሳቀችም።

ጋርዝ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"ሐሙስ ትመሰክሪያለሽ?"

"እመሰክራለሁ።"

"የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። አታስረዝሚው።"

"ብዘረዝርስ ምን ታደርገኛለህ?"

"እኔ ምንም አላደርግሽም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ድልድዩ ጋ ወረዱ። ሲረል ሰውየው እንዳስፈራራት ለሁሉም ነገራቸው። በዚያን ቀን ሜዳውን ቶሎ ቶሎ ተራምደው አቋረጡ።

ሰኞ ዕለት ኢኒድ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። የሜዳው ባለቤት ወይዘሮ አቨሪል እሳቱ ዳር አስቀምጠው አነጋገሯት። ሽያጩ የወንድማቸው ልጅ ሐሳብ መሆኑን፣ እሳቸው ግን እግረኞቹን በመስኮት ካላዩ ቅዳሜው ቅዳሜ እንደማይመስላቸው ነገሯት። ጋርዝ ያላትን ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጡ ሰው ነው፣ እኔም እፈራዋለሁ አሏት።

"እሱን አትስሚው፣ ኢኒድዬ" አሉ እጇን ይዘው። "የልብሽን ተናገሪ። ስንት ዘመን ተከባብረን እንደኖርን መርማሪው ይስማ። በእኔና በእናንተ መካከል ጠብ ነበር እንዲባል አልፈልግም።"

ኢኒድ ቀለል ብሏት ወጣች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ዘግይቶ የመጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በመጀመሪያ ጋርዝ ተጠራ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

መርማሪው እግረኞቹን ከልክሎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

"አላውቅም።"

"አንድ ጊዜም?"

"ፊታቸውን ጠልቼው ይሆናል። መልሻቸው ግን አላውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት ሲያልፉ አይቻለሁ፤ መልሳቸው ያለኝም የለም።"

አዳራሹ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ሲረል፣ "ለካ ሜዳው ቤት ከተሠራበት የእሱም ከብቶች መሄጃ የላቸውም" አለ ለራሱ።

ሌሎች ምስክሮች አጭር አጭር ተናገሩ። ሁሉም መንገዱን ለምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመበት ብቻ ተጠየቀ፤ የተቃወመም የለም። የቀረችው ኢኒድ ነበረች። እሷም የተጠየቀችውን መልሳ ልትቀመጥ ስትል ወይዘሮ አቨሪል አንድ ነገር ለመጠየቅ ፈቃድ ጠየቁ። ባለቤት ናቸውና ተፈቀደላቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ኢኒድዬ፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ዝም ብላችሁ ነው ሰው ሜዳ ውስጥ የገባችሁት?"

የኢኒድ ፊት ቀላ። ጋርዝ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል መርማሪው በእጁ አስቀመጠው። ኢኒድ ጋርዝን አየችውና እልህ ያዛት።

"እኔ እንደዚያ አላደግሁም፣ እመቤቴ። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ ዘንድሮስ ማለፍ እንችላለን ወይ ብዬ እጠይቅዎት የለ እንዴ?"

"እኔስ ምን እልሽ ነበር?"

"እለፉ ይሉኛል። ኬክም ይቆርሱልኛል።"

መርማሪው "በፈቃድ" ብሎ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። ወይዘሮ አቨሪል አመስግነው ተቀመጡ።

ገቢ፣ ሦስት መቶ አሥር ሺሕ ፓውንድ፤ ወጪ፣ በዓመት አንድ ቁራጭ ኬክ።